«ልጄ ሥጋ ትታ የባህር ቅጠል ትቆረጥማለች»

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ደብዳቤያቸው ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ላንተ ይሁን። የ26 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አቻምና ሁዳዴን አብረን ጾምን። ፋሲካ ሲደርስ እኔ ዶሮዬን ሠራሁ፣ እሷ ግን አልፈስክም አለች። ‹እማ፣ ከዚህ በኋላ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልበላም› አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

«ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ከሥጋ ካልሆነ አይገኝም ሲባል ሰምቼ ነገርኳት። እሷ ግን በየቀኑ አንድ ፓኮ እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቁር ቅጠል ትቆረጥማለች። ኖሪ ነው፣ የባህር አረም ነው፣ ቢ12 አለው ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት ስፒሩሊና የሚባል አረንጓዴ ዱቄት በጭማቂ ትጠጣለች። ሰሞኑን ደግሞ ኮምቡ የሚባል ወፍራም ጠፍር የመሰለ ነገር እየቀቀለች ሾርባ ጀምራለች። ባለፈው ጥር ተሞሽራለች፣ የልጅ ልጅ እየጠበቅኩ ነው።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉንም አጽዋማት ጾሜ አንድም ቀን አልታመምኩም። እርግጥ ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን ከጀመርኩ 8 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ እግሬን ይነዝረኛል፣ እሱ ግን የዕድሜ ነው። ስለ ልጄ ምከረኝ። እውነት የባህር አረም ሥጋን ይተካል? ደግሞስ ጾም ነው?»

እናቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ስለ ልጅዎ፣ አንዴ ስለ እርስዎ። ስለ እርስዎ ያለኝን ኋላ አመጣዋለሁ፤ እባክዎ እዚያ ሳይደርሱ እንዳይተዉት።

የልጅዎን ጉዳይ ባጭሩ ልንገርዎ። ኖሪ ውስጥ ቢ12 አለ፣ ልጅቷ አልዋሸችም። ግን ቢ12 ሲያንስ የሚጎዳውን ነርቯን በኖሪ ላይ ብቻ አስይዛ መኖር የለባትም። ስፒሩሊናው ለቢ12 አይሆናትም። ኮምቡው ያሳስበኛል። የሚያስፈልጋት አንዲት ርካሽ ክኒን ናት። እንደ እኔ ከሆነ ዶሮውን ከሷ ፊት ዞር ያድርጉት፤ ክርክሩ ስለ ዶሮ አይደለም።

መጀመሪያ የእርስዎን ወሬ ላርም። «ከሥጋ ካልሆነ አይገኝም» የሚባለው ልክ አይደለም። ላሟ ራሷ ዕድሜ ልኳን ጾመኛ ናት። የምትበላው ሣር ነው፣ ሣር ውስጥ ደግሞ ቢ12 የለም። ቫይታሚኑን የሚሠሩት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለመሥራት ኮባልት የሚባል ማዕድን ይፈልጋሉ፤ እሱ ከአፈሩ በሣሩ በኩል ይመጣላቸዋል። የቢ12 ሌላ ስሙ ኮባላሚን የሆነው ለዚህ ነው። እኛ ላሟን ስንበላ የባክቴሪያዎቹን ሥራ ነው የምንበላው። በዓለም ላይ ቢ12 መሥራት የሚችል እንስሳም ዕፅዋትም የለም። የኛም ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ትንሽ ይሠራሉ። ችግሩ ሰውነታችን ቢ12ን የሚመጠው ከትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። የተሠራው ከዚያ በታች ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ግድብ እንደመሥራት ቁጠሩት።

ስለዚህ ልጅዎ «ሥጋ ሳልበላ ቢ12 አገኛለሁ» ማለቷ እብደት አይደለም። ጥያቄው ከየት የሚለው ነው።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል ካሉት የኮሪያ ገበያዎች አንዱ ገባሁ። የባህር አረም ብቻ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ይዟል። አንድ እሽግ ያልተጠበሰ ኖሪ ገዝቼ ቤት ወሰድኩ። አንዱን ቅጠል መስኮት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ከሩቅ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ሲያልፍበት ግን ወይን ጠጅ ይሆናል። ከዚያ የምድጃውን እሳት ዝቅ አድርጌ ከላይ ወዲያ ወዲህ አልኩት። ዓይኔ እያየ አረንጓዴ ሆነ። ቀዩ ቀለም ሙቀት አይችልም፣ ስር ያለው አረንጓዴ ነው የሚቀረው። ቤቱን የባህር ሽታ ሞላው። አክስቴ ከሳሎን ብቅ ብላ «ምን ወረቀት ነው የምታቃጥለው?» አለችኝ። አቀመስኳት። ሦስት ጊዜ አኝካ «ጨው ያለው ወረቀት» ብላ ፈረደችበት። እኔ ግን በሩዝ ጠቅልዬ ወድጄዋለሁ፤ በቀዝቃዛ ሹሮም ሞክሬ አላፈርኩም።

አንዱ ሙሉ ቅጠል 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ልጅዎ የምትቆረጥመው ትንሿ ፓኮ አብዛኛውን ጊዜ 5 ግራም ናት፤ ከዚያ ላይ የሰሊጥ ወይም ሌላ ዘይትና ጨው አለበት።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ላንሳ፣ ስለምወደው ነው። ጃፓኖች ኖሪን ለዘመናት ሲበሉ ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር። ባህር ላይ መረብና ቀርከሃ ይዘረጋሉ፣ ከያዘ ያዘ፣ ካልያዘ እግዜር አላለውም። በሙቀቱ ወራት አረሙ ድራሹ ይጠፋል። ምስጢሩን የፈታችው ካትሊን ድሩ ቤከር የምትባል የእንግሊዝ ሳይንቲስት ነች። በፈረንጆቹ 1949 ባወጣችው ጽሑፍ፣ አረሙ በሙቀቱ ጊዜ የባህር ቀንድ አውጣና የመሳሰሉት ዛጎል ውስጥ ገብቶ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ እንደሚኖር አሳየች። ከዚያ ወዲህ ጃፓኖች ዘሩን በዛጎል አሳድገው መረቡ ላይ ይዘሩት ጀመር። የዛሬው የኖሪ እርሻ ሁሉ የተገነባው በዚያ ላይ ነው። ኩማሞቶ አውራጃ ኡቶ ከተማ ውስጥ ሐውልት አቁመውላታል፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 14 ቀን ያከብሯታል። እሷ ግን ጃፓንን በዓይኗ አላየችም።

ኮሪያዎችም ከባህር አረም ጋር ያላቸው ነገር ይገርመኛል። የወለደች ሴት ሚዮክ የሚባለውን አረም ሾርባ ትጠጣለች፣ እኛ አራስን ገንፎ እንደምናበላት ማለት ነው። በልደት ቀንም ያንኑ ሾርባ ይጠጣሉ፣ እናት የጠጣችውን ለማሰብ። እንግዲህ የባህር አረም ለሌላው ሕዝብ የዘመን ፋሽን አይደለም። እኛ ነን ደጋ ላይ ተቀምጠን ያልተዋወቅነው።

ወደ ቁም ነገሩ። አረሙ ራሱ ቢ12 አይሠራም። በ2005 የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ብዙ የአልጌ (የባህር አረምና መሰሎቹ) ዓይነቶች ቢ12 የሚያገኙት አብረዋቸው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ከላሟ ጋር አንድ ዓይነት ዘዴ ነው፣ ባህር ውስጥ ሲሆን። ፉሚዮ ዋታናቤ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ዕድሜያቸውን በዚህ ጉዳይ ላይ አሳልፈዋል ማለት ይቻላል። እሳቸው ባጠናቀሩት መሠረት 4 ግራም ያህል ደረቅ ኖሪ ያዋቂን የቀን ፍላጎት፣ ማለትም 2.4 ማይክሮግራም፣ ሊይዝ ይችላል። ፓኮዋ 5 ግራም ናት ብለናል። በሒሳብ ከሆነ ልጅዎ አሸንፋለች። በ1995 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ለዓመታት እንስሳ ነክ ነገር ሳይበሉ ያደጉ 6 ልጆች ተመርምረው ነበር። በየቀኑ ከ2 እስከ 4 ግራም ኖሪ ይበሉ ነበር። የደማቸው ቢ12 ደህና ሆኖ ተገኘ።

ልጅዎ ኢንተርኔት ላይ ያነበበችው እስከዚህ ድረስ ያለውን ይመስለኛል። ቀጣዩን ሰው ብዙ አይለጥፈውም።

በ1991 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት አለ። ማክሮባዮቲክ የሚባለውን፣ ከዕፅዋት ብቻ ለማለት የሚቀርበውን አመጋገብ በሚከተሉ ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ ቢ12 ያነሳቸው ሕፃናት ናቸው የተጠኑት። ለአንዳንዶቹ ኖሪና ስፒሩሊና፣ ለአንዳንዶቹ ዓሣ ተሰጣቸው። አረም የበሉት ልጆች ደማቸው ሲለካ ቢ12 ጨመረ። እሰይ ሊባል ነበር። ነገር ግን ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሲታዩ ችግሩ ይበልጥ ብሶ ተገኘ። ዓሣ የበሉት ተሻላቸው። ቁጥሩ ወጥቷል፣ ልጆቹ ግን አልዳኑም።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ቢ12 የሚመስሉ፣ ግን ለሰው የማይሠሩ ዘመዶች አሉት። ሐሰተኛ ቢ12 ይሏቸዋል። ቅርጻቸው ቅርብ ነው፤ ሰውነት ግን ሊጠቀምባቸው አይችልም። የድሮው የምግብ መለኪያ ደግሞ አንድን ባክቴሪያ ማብላትና ምን ያህል እንደተራባ ማየት ነበር። ባክቴሪያው እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ይበላል። ለሱ ሁለቱም ምግብ ናቸው። በዚህ የተነሳ ብዙ የባህር አረምና ስፒሩሊና ማሸጊያ ላይ የሚያማልል ቁጥር ተጻፈ።

የአዲስ አበባ ታክሲ ያስቡ። ወያላው አጎንብሶ ሲቆጥር ወንበሩ ሙሉ ነው፤ «ሞልቷል፣ ሳበው!» ይላል። መንገድ ላይ ሒሳብ ሲሰበስብ ግን ግማሹ ተሳፋሪ ኪሱ ባዶ ነው። ተራው የቢ12 የደም ምርመራ ጭንቅላት ቆጣሪ ነው። ሒሳቡ መሰብሰቡን የሚያሳየው ሜታይልማሎኒክ አሲድ የሚባለው ምርመራ ነው፤ በአጭሩ ኤምኤምኤ ይሉታል። እውነተኛው ቢ12 ሲያንስ ይህ አሲድ ይከማቻል። ሐሰተኛው ቢ12 ሊያታልለው አይችልም። በ1999 ጃፓን ውስጥ በዚሁ መለኪያ ኖሪ ተፈተነ። ሰዎች የደረቀውን ኖሪ ሲበሉ ኤምኤምኤያቸው ከፍ አለ፣ ማለትም ነገሩ ወደ መጥፎ ሄደ። እርጥቡን ሲበሉ እንዲያ አልሆነም። አንድ ግምት አለ፤ ሲደርቅ ከእውነተኛው ከፊሉ ወደ ሐሰተኛነት ይለወጣል የሚል። እኛ ሱቅ የምናገኘው ደግሞ የደረቀውን ነው።

እንግዲህ አንዱ ጥናት ይሠራል ይላል፣ ሌላው አይሠራም። ከአረም አረም፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ሌላ ቫይታሚን ቢሆን «እስቲ ሞክሪው» እል ነበር። ቢ12 ግን ካነሰ የሚጎዳው ነርቭ ነው፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ ሁልጊዜ ተመልሶ አይድንም። ያልተረጋገጠ ነገር ላይ የሚቆመርበት አይደለም።

ስፒሩሊና ላይ ለመፍረድ ይቀላል። እሱ የባህር አረምም አይደለም፤ ሐይቅ ላይ የሚበቅል በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ልጅዎ በውድ ዋጋ የምትገዛው ይህ ነገር ቢሾፍቱ አጠገብ አለ ብልዎት ያምኑኛል? አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው በዚሁ ዘመድ ነው። ጪቱ ሐይቅም አለ፤ ፍላሚንጎዎቹ እሱን ሊበሉ ነው የሚመጡት። ቻድ ውስጥ ከሐይቅ ዳር ያሉ ሴቶች ከውሃው አጥልለው አሸዋ ላይ እንደ ቂጣ ያደርቁታል፣ ዲሄ ይሉታል፣ ከወጥ ጋር ይበሉታል። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ቢ12 የሚባለው ግን አብዛኛው ያው ባዶ ኪስ ተሳፋሪ ነው። ጭማቂው ከጣፈጣት ትጠጣ፣ ለቢ12 ብላ ከሆነ ግን ገንዘቧን ታትርፍ።

ኮምቡው ላይ ቆም እንበል። እዚህ ያለው ነገር አዮዲን ነው። ያዋቂ ሰው የቀን ፍላጎት 150 ማይክሮግራም ነው። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ አትለፉ የሚባለው ጣሪያ 1100 ነው። አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይህን ጣሪያ ያልፋል። ሲቀቀል ደግሞ አዮዲኑ ወደ ውሃው ይወጣል፤ ልጅዎ የምትጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ኖሪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ አዮዲኑ በጣም ያነሰ ነው።

ለኛ ሰው ይህ የበለጠ ይመለከተዋል። ያደግንበት ደጋ አፈሩ አዮዲኑ ታጥቦ ያለቀበት ነው። አንገታቸው ላይ እንቅርት ያላቸው እናቶች ያላየ የኛ ሰው ይኖራል? ኢትዮጵያ ውስጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በደንብ የተደነገገው በፈረንጆቹ 2011 ነው። አንገት ላይ ያለው፣ ለዓመታት አዮዲን ያነሰው የታይሮይድ ዕጢ ድንገት ብዙ ሲጎርፍበት ሊያብድ ይችላል። ልብ ይመታል፣ ሰው ይከሳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ልጅዎ አገር ቤት ያደገች ከሆነች፣ ወይም በቤተሰብ እንቅርት ካለ፣ የኮምቡውን ሾርባ በየቀኑ መጠጣቷን ታቁም። አልፎ አልፎ ትንሽ ቁራጭ ጣል ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ሂጂኪ የሚባል እንደ ጥቁር ክር ያለ አረም ካየች ደግሞ ጨርሶ አትግዛው። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ይበዛበታል፤ የእንግሊዝ የምግብ ባለሥልጣን ሰዎች እንዳይበሉት ከ2004 ጀምሮ ይመክራል።

አሁን «ሁሉንም ጾሜ አንድም ቀን አልታመምኩም» ወዳሉት ልምጣ። ጾማችን ረጅም ነው፣ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ካህናቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማሉ። ግን ይፈታል። ሁዳዴ ሲፈታ ጠዋት የሚቀርበው ምንድነው? ዱለት። ዱለት ውስጥ ምን አለ? ጉበት። መቶ ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ቢ12 አለ። የኛም ጉበት ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ የአዋቂ ሰው ክምችት ለዓመታት ሊበቃ ይችላል። ስለዚህ አባቶቻችን ሳያውቁት ጎተራቸውን በየፋሲካው ይሞሉ ነበር። ልጅዎ ግን ጎተራውን ከፍታ እየበላች ነው፣ አዲስ የሚገባ የለም። «ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ካለችዎት እውነቷን ነው። የምትኖረው እስከ አቻምና በበላችው የእርስዎ ዶሮና እንቁላል ነው።

ሲያልቅ በደወል አይነግርም። ድካም ይመጣል፤ ሰው ሥራ በዛብኝ ይላል። ምላስ ይቃጠላል። ጣት ይደነዝዛል። መርሳት ይመጣል፣ መነጫነጭ ይመጣል። ደም ማነስ ቀድሞ ቢታይ ሐኪም ይይዘው ነበር። ግን የኛ ጾመኛ ምስርና ጎመን ይበላል፣ እነሱ ፎሌት የሚባለው ሌላ ቫይታሚን ሞልቶባቸዋል። አሜሪካም ከ1998 ጀምሮ ዱቄቱ ላይ ፎሊክ አሲድ ይጨመርበታል። ፎሌት ሲበዛ ደሙ ደህና መስሎ ይታያል፣ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ጤናማ የምንለው ማዕድ ምልክቱን ይሸፍነዋል ማለት ነው።

የልጅ ልጅ እየጠበቁ እንደሆነ ጽፈዋል። ይህንን ልጅዎ እንድታነበው እፈልጋለሁ። ፅንስም የሚጠባ ሕፃንም ቢ12 የሚያገኘው ከእናቱ ነው። እናት ከሌላት ልጁም አይኖረውም። ያነሰው ሕፃን ይደክማል፣ አይስቅም፣ የጀመረውን መቀመጥና መዳህ ሊተው ይችላል። ጎተራው ትንሽ ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ክኒኑ ከእርግዝናው በፊት መጀመር አለበት።

ክኒኑ ምን ዓይነት ነው? ሲያኖኮባላሚን የሚል ይፈልጉ። ከእንስሳ አይወጣም፤ ፋብሪካ ውስጥ ባክቴሪያ በጋን ውስጥ ተብላልቶ ነው የሚሠራው። ልክ እንደ ጠላ ነው ብላ ልታስብ ትችላለች። እንደ ልጅዎ እንስሳ ነክ ነገር ለማይበሉ (ቬጋን ለሚባሉ) ሰዎች የሚመከረው በቀን ቢያንስ 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንዴ 2000 ነው። ቁጥሩ የማይገጥም ይመስላል አይደል? አንጀታችን በአንድ ጊዜ በደንብ የሚመጠው ከ2 ማይክሮግራም ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ካለው መቶኛ አንዱ ገደማ ብቻ ነው ሾልኮ የሚገባው። በሳምንት አንዴ የምትውጥ ሰው ብዙ መዋጥ ያለባት ለዚህ ነው። ቢ12 የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ወይም ለምግብ የሚሆን እርሾም ያግዛል፤ ማሸጊያው ላይ መጨመሩ መጻፉን ታረጋግጥ። አንዲት ነገር ደግሞ፣ ክኒኑ በካፕሱል ከሆነ ሽፋኑ ጀላቲን እንዳይሆን ትይ። ጀላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። ለሷም አይሆንም፣ ለእርስዎም በጾም አይሆንም።

እንዴት ብለው እንደሚነግሯት አስቤበታለሁ። «ሥጋ ብዪ» ካሏት ጨዋታው እዚያው ያልቃል። «ኖሪሽን ብዪ፣ ልክ ነሽ፣ ቢ12 አለው። ግን ኤምኤምኤሽን ተለኪ» ይበሏት። ማስረጃ የምትወድ ልጅ ትመስለኛለች፤ ከእርስዎ አፍ «ኤምኤምኤ» ሲወጣ ስትሰማ ደግሞ መሳቋ አይቀርም።

አሁን ወደ እርስዎ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ዓይኔ የቀረው የእግርዎ ነገር ላይ ነው።

ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው። ለዓመታት ሲወሰድ ግን አንጀት ቢ12 የመምጠጥ አቅሙን ይቀንሳል። 8 ዓመት ብዙ ነው። እርስዎ ደግሞ ዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማሉ። ዕድሜ ሲገፋም የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ ቢ12ን ከምግብ ማላቀቅ ይከብዳል። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ከወሰዱ እሱም ይጨመርበታል። ሁሉን ስደምረው፣ እናቴ፣ ከልጅዎ ይልቅ እርስዎ ያሳስቡኛል። እሷ ሁለት ዓመቷ ነው። እርስዎ ስምንት።

እግር መንዘር ከስኳሩ ሊሆን ይችላል። ከቢ12 ማነስም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲመጡ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ተያይዘውም ይመጣሉ። «የስኳር ነው» ተብሎ ሲታለፍ የቢ12ው ሳይታከም የሚቀር ሰው አለ፤ የሚታከመው እሱ ሆኖ ሳለ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች፣ በተለይ እጅ እግራቸውን የሚነዝራቸው፣ ቢ12ያቸው በየጊዜው እንዲታይ ይመክራል። መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቆሙ፣ አደራ። ከሐኪምዎ ጋር ሲገናኙ እግርዎን ምን እንደሚሰማዎት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና በዓመት ስንት ቀን እንደሚጾሙ ይንገሩ። ሐኪሙ ስለ ጾሙ ካልነገሩት አያውቅም። ከዚያ ቢ12 እና ኤምኤምኤ ይዘዙልኝ ይበሉ። ኩላሊት ሲደክም ኤምኤምኤ ስለሚጨምር ሐኪሙ የኩላሊትዎንም ውጤት አብሮ ያየዋል። አንሶ ከተገኘ በመርፌ ወይም በክኒን ይሞላል፤ የትኛው እንደሚሻል እሱ ይወስን።

እንግዲህ ልጄን ላብራቶሪ ይዣት ልሂድ ሊሉ ይችላሉ። አሁን እሷ ይዛዎት ትሂድ። አንድ ቀን ይቅጠሩ፣ አንድ መኪና ይያዙ። ክርክራችሁም ይለዝባል ብዬ አስባለሁ፤ ሁለታችሁም ክንዳችሁ ላይ ያው ጥጥ ይለጠፋልና።

የቀረችው «ጾም ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ነች። ተራው ኖሪ አረም ብቻ ነው፣ ምንም እንስሳ አልገባበትም። ቅመም የተቀባው ግን የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጭማቂ ያለበት አለ፤ ማሸጊያውን ገልብጠው ያንብቡ። ብዙዎቹ እሽጎች ላይ ደግሞ በትንሽ ፊደል አንድ ማስታወሻ ታገኛላችሁ፦ አረሙ የተለቀመው ሽሪምፕና ሸርጣን ከሚኖሩበት ባህር ነው ይላል። አለርጂ ላለበት ሰው የተጻፈ ነው። እኔ የገዛሁት ላይም አለ። አልፎ አልፎ ከሩዝ ቅንጣት ያነሰች ሸርጣን ቅጠሉ ላይ ደርቃ ትገኛለች። እሷ ጾም ታስፈታለች አታስፈታም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ ትቼዋለሁ።